«ጽፋችሁታል፤ ግን አልነገራችሁኝም»

የምሠራበት ድርጅት የመጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ለሌሎች ድርጅቶች ይሸጣል። እኔ ቴክኒኩ ላይ ነኝ። ከደንበኛ ጋር ስብሰባ ሲኖር ግን ብዙ ጊዜ እገባለሁ፤ ከባድ ጥያቄ ከተነሳ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። እዚያ ጥግ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

አንድ ትልቅ ደንበኛ ነበረን። አዲሱ ሲስተም ሥራ የሚጀምርበት ቀን ተቆርጧል። ችግሩ የድሮው ዳታ ነው። አንዱ ዕቃ በሦስት ዓይነት ኮድ ተመዝግቦ ይገኛል፣ ልኩ አንዱ ቦታ በካርቶን ሌላው ቦታ በፍሬ ነው። ይህን ሳያጠሩ ወደ አዲሱ ማዛወር ማለት ገና ከመጀመሪያው ቀን የተሳሳተ ቆጠራ ይዞ መነሳት ነው። ማጥራቱ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ያዘገየናል። እኛ ቢሮ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ወርኃዊው ስብሰባ ደረሰና የሽያጭ ኃላፊያችን ገለጻውን አቀረበ። ጎበዝ ተናጋሪ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ሰው ዓይን ዓይን እያየ ነው የሚያወራው፣ ስላይዶቹም ያምራሉ። መጀመሪያ እስካሁን የተሠራው ሥራ፣ ቀጥሎ የሥልጠናው ፎቶ፣ ቀጥሎ አብዛኛው አረንጓዴ የሆነ ሰንጠረዥ። ወደ መጨረሻው ገደማ «የዳታ ዝውውር ሁኔታ» የሚል ስላይድ መጣ። ከርዕሱ ሥር አምስት ነጥብ አለ። ከአራተኛው ነጥብ ሥር፣ አነስ ባለ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦ «የዳታ ጥራት ሥራው ተጨማሪ ጊዜ ሊጠይቅ ስለሚችል በመርሐ ግብሩ ላይ መጠነኛ ማስተካከያ ሊኖር ይችላል።» አነበበው። ድምፁን ሳይቀይር፣ ቆም ሳይል፣ አንብቦት ወደሚቀጥለው አለፈ። ደንበኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥያቄ አለ?» አለ። ማንም ምንም አላለም። ተጨባብጠን ወጣን።

ቀኑ ሲቃረብ ደንበኞቻችን ለማስጀመሪያው ጊዜያዊ ሠራተኛ ቀጥረዋል፣ ለአቅራቢዎቻቸው ደብዳቤ በትነዋል። አይደርስም የሚለው ነገር የገባቸው ያኔ ነው። የኦፕሬሽን ኃላፊያቸው ደወሉ። ስልኩ በስፒከር ነበር፣ ሁላችንም እንሰማለን። የእኛ ሰው «ባለፈው ስብሰባ ላይ አሳውቀን ነበር እኮ፣ ስላይዱ ላይ አለ» አላቸው። ሰውየው ስላይዱን ፊታቸው ከፍተውታል። አልጮሁም። «አዎ፣ አየሁት። ጽፋችሁታል፤ ግን አልነገራችሁኝም» አሉ።

የእኛ ሰው ዋሽቷል ማለት አይቻልም። ስላይዱ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነበር። ግን «ሊጠይቅ ስለሚችል»፣ «መጠነኛ»፣ «ሊኖር ይችላል» ተብሎ ሦስቴ የለሰለሰ ወሬ ሰሚው ጆሮ ሲደርስ ወሬ አይደለም። ስንት ሳምንት? ከምን የተነሳ? ደንበኛው እስከዚያ ምን ያቁም፣ ምን ይቀጥል? አንዱም የለም። የኦፕሬሽን ኃላፊ ስብሰባ የሚገባው ለመወሰን ነው። የሚወስንበትን ነገር ከአራተኛ ነጥብ ሥር ከደበቅነው ሰዓቱን ወስደንበት ባዶ እጁን ሸኘነው ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ የሰው ሕይወት ባለበት ቦታም ደርሷል። የናሳዋ ኮሎምቢያ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ስትነሳ ከነዳጅ ታንኩ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን መታው። ሠራተኞቹ ገና ሕዋ ላይ ሳሉ መሐንዲሶች ጉዳቱን አስልተው ለኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። የአንዱ ስላይድ ርዕስ ሲነበብ የቀድሞው ሙከራ የሚያስተማምን ይመስላል። እታች፣ የመጨረሻው መስመር አካባቢ ግን፣ ክንፉን መታው የተባለው ቁራጭ ወደ 1920 ኪዩቢክ ኢንች ሲሆን የተሞከረው 3 ኪዩቢክ ኢንች ብቻ እንደነበር ተጽፏል። 640 እጥፍ! ይህ ቁጥር ርዕስ መሆን ነበረበት። ኮሎምቢያ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ስትመለስ አየር ላይ ተበታተነች፣ ሰባቱም ሞቱ። አደጋው በአንድ ስላይድ ምክንያት ደረሰ ማለቴ አይደለም፣ መንስኤዎቹ ብዙ ነበሩ። ነገር ግን አጣሪ ቦርዱ በዚያው ዓመት ኦገስት ባወጣው ሪፖርት ይህንኑ ስላይድ ለይቶ አንስቶ፣ በቴክኒክ ጽሑፍ ፋንታ በስላይድ የማስረዳትን ልማድ ነቅፏል።

ወደ እኛ ልመለስ። ከስልኩ በኋላ ድርጅቱ አሠልጣኝ አመጣ። አሠልጣኙ ስለ እጅ እንቅስቃሴ፣ ስለ አቋቋም፣ ስለ ፈገግታ አወራን። ከመልእክት ውስጥ ቃላት 7 በመቶ፣ ድምፅ 38 በመቶ፣ ፊት 55 በመቶ ነው የሚለውንም ነገረን። ይህን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። እኔ በጣም ያናድደኛል። ቁጥሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተማቸው ጥናቶች ነው፤ የተጠናው ሰው ስለ አንድ ነገር ወይም ሰው ያለው ስሜት፣ መውደድና መጥላት፣ ከነጠላ ቃል፣ ከድምፅና ከፊት እንዴት እንደሚነበብ ነው። የፕሮጀክት መዘግየት በፈገግታ አይነገርም። ደግሞ የሽያጭ ኃላፊያችን አቋቋሙ ምንም አልጎደለውም ነበር። የጎደለው አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ነው።

ቀጣዩን ስብሰባ የመራችው የፕሮጀክት አስተባባሪያችን ናት። ድምፀ ለስላሳ ናት፣ ብዙ ሰው ፊት መናገር አትወድም። ስላይድ አላዘጋጀችም። ከስብሰባው አንድ ቀን ቀደም ብላ አንድ ገጽ ጽሑፍ ላከችላቸው። ወረቀቱም ንግግሯም የጀመረው በአንድ ዓይነት ቃል ነው፦ «ሥራው በተባለው ቀን አይጀምርም። ሦስት ሳምንት ይዘገያል። ምክንያቱ የዕቃ ኮዶቹ መደበላለቅ ነው፤ ይህንንም ቀድመን በግልጽ ልንነግራችሁ ይገባ ነበር።» ቀጥላ ሁለት አማራጭ አስቀመጠች። አንዱ ሁሉንም መጋዘን ሦስት ሳምንት ማዘግየት። ሌላው ዳታው የጠራውን አንዱን መጋዘን በቀኑ አስጀምሮ የቀሩትን ኋላ ማስከተል፤ ይሄኛው ለተወሰነ ጊዜ ሁለት ሲስተም ጎን ለጎን ማስኬድ ስለሚጠይቅ ለሠራተኛው አድካሚ ነው። ይህንንም አልደበቀችም። ከዚያ «የትኛው ይሻላችኋል?» ብላ ዝም አለች።

ዝምታው ረዘም ያለ ነበር። የሽያጭ ኃላፊያችን አፉን ሊከፍት ሲል በእጇ ምልክት ሰጠችው። ልክ ነበረች። ከባድ ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ ያለው ዝምታ ሰውየው የሚያስብበት ጊዜ ነው። በወሬ ከሞላችሁት ሐሳቡን ትቶ እናንተን ማዳመጥ ይጀምራል። ኃላፊው ቀና ብለው «የጊዜያዊ ሠራተኞቹን ደመወዝ ማን ይከፍላል?» አሉ። «ይህን ዛሬ መመለስ አልችልም። እስከ ሐሙስ በጽሑፍ መልስ ይደርስዎታል» አለቻቸው። ሐሙስ ደረሳቸው። ሁለተኛውን አማራጭ መረጡ። ተቆጥተው ነበር፣ ቁጣቸውም አልጠፋም፤ ግን ከዚያ ወዲህ የምትልከውን ወረቀት አንብበው ነው የሚገቡት።

እሷን አይቼ እኔም የያዝኳቸው ልማዶች አሉ። ስላይድ ስሠራ ርዕሱን ግስ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር አደርገዋለሁ። «የዳታ ዝውውር ሁኔታ» ምንም አይነግርም፤ «የዳታ ዝውውሩ ሦስት ሳምንት ይዘገያል» ግን ክፍሉ ውስጥ ስልኩን የሚነካካውን ሰው ሳይቀር ቀና ያደርገዋል። ጨርሼ ርዕሶቹን ብቻ ተራ በተራ አነባቸዋለሁ። ከእነሱ ብቻ ነገሩ ካልገባኝ ስላይዱ አላለቀም። «ጥያቄ አለ?» ማለትንም ትቻለሁ። ሰው አለቃው ፊት አልገባኝም ማለት ይከብደዋል። ይልቅ አንዱን ሰው በአክብሮት ጠርቼ «ይሄ እርስዎ ክፍል ያለውን ሥራ ምን ይቀይርበታል?» እላለሁ። ያልገባው ነገር ካለ እዚያው ይወጣል፤ ከገባውም እኛ ያላሰብነውን ይነግረናል። ስብሰባው ሲያልቅ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለው በአጭር ኢሜይል በዚያው ቀን ይሄዳል።

የሽያጭ ኃላፊያችን «ለፕሮጀክት እሺ፣ ሽያጭ ላይ ግን ችግርህን አስቀድመህ ካወራህ ማን ይገዛሃል?» ብሎ ብዙ ተከራክሮናል። ከልቡ ነው የሚለው፣ ደመወዙም ከሚሸጠው ጋር የተያያዘ ነው። እኔ ግን ሽያጭ ላይ እንዲያውም የበለጠ ይሠራል ባይ ነኝ። አንድ አዲስ ገዢ ዘንድ አብረን ሄድን። ሶፍትዌሩን ከማሳየታችን በፊት አስተባባሪዋ «አሁን ቆጠራችሁ ሲሳሳት መጀመሪያ የሚያውቀው ማነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። የመጋዘን ኃላፊያቸው ማውራት ጀመሩ፣ ረጅም አወሩ፤ የምንሸጥበትን ምክንያት በራሳቸው አፍ ነገሩን። ከዚያ እኔ ተራዬ ሲደርስ በቀጥታ «ኢንተርኔት ሲቋረጥ መመዝገብ ይቻላል፣ ሪፖርት ግን አይወጣም» አልኩ። የአይቲ ባለሙያቸው ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ከዚያ በፊት ለምናገረው ሁሉ ማስረጃ ሲጠይቀኝ የቆየ ሰው ቀሪውን ዝም ብሎ ተቀበለኝ። ገዙን። ሌላ ገዢ ደግሞ በዚሁ ምክንያት ትቶናል፤ ኔትወርኩ ቶሎ ቶሎ የሚቋረጥበት ቦታ ስለሚሠራ የኛ ሲስተም አይሆነውም ነበር። ቢገዛን ኖሮ ከዚያ ወዲያ ያለው ስልክ ሁሉ የኔ ነበር።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። አለቃችሁ «ይቺን ነገር ወደ ኋላ አድርጋት፣ ትንሽም አለስልሳት» ሲላችሁስ? ይሄ የሁላችንም ችግር ነው፤ መፍትሔውም አለቃን ሰው ፊት መጋፈጥ አይደለም። አስተባባሪያችን ያደረገችውን ልንገራችሁ። ባለፈው ሩብ ዓመት የሪፖርት ረቂቅ ላይ ሥራ አስኪያጃችን የመዘግየቱን ዓረፍተ ነገር ከላይ አውጥተው መጨረሻ ላይ አስገቡት። አልተከራከረችም። በሩን አንኳኩታ ገባችና «መቼ ነገራችሁን ብለው ቢጠይቁን የትኛውን ገጽ እናሳያቸዋለን?» አለቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ረቂቁን ተቀበሏት፣ ትንሽ አዩት፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ወደ ላይ መልሰው ከጎኑ አዲሱን ቀን በእጃቸው ጻፉበት።