ትልቁ ሴንሰር ለማን ይጠቅማል?

የሚዲየም ፎርማት ዲጂታል ካሜራ በዛሬው ፎቶግራፍ ውስጥ ያለው ቦታ በሜጋፒክስል ብዛት ብቻ ሲለካ እሰማለሁ፤ ለእኔ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከሴንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን ከሚቀርጸው ክፍል) ስፋት ነው። ፉል ፍሬም የምንለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ ያቀረበው ጂኤፍኤክስ 50ኤስ የተባለው ሚዲየም ፎርማት ካሜራ የያዘው ወደ 44 በ33 ሚሊሜትር የሚጠጋ፣ በስፋት 1.7 እጥፍ ገደማ የሚሆን ነው። በተመሳሳይ መጋለጥ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜና የሌንሱ ክፍተት ሳይለወጥ) ይህ ሰፊ ገጽ በአጠቃላይ የበለጠ ብርሃን ስለሚሰበስብ፣ ጥላ የዋጠውን ክፍል በኋላ በኮምፒውተር ስናፈካው በምስሉ ላይ የሚወጣው ብናኝ መሰል ነጠብጣብ (ኖይዝ) ይቀንሳል፤ የቆዳ ቀለም ከብርሃን ወደ ጥላ የሚሸጋገርበትም መንገድ ይለሰልሳል። (ሚዲየም ፎርማት የሚለው ስም ግን ትንሽ ያታልላል፤ የቀድሞው 6 በ6 ሳንቲሜትር ፊልም ከዚህ እጅግ ይሰፋ ነበር።)

የጀርባ ብዥታን በተመለከተ የሚወራው የተጋነነ ይመስለኛል። በዚህ ሴንሰር ላይ እስከ ኤፍ 2.8 የተከፈተ ሌንስ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ክፍተት ይሰፋል፣ ብዥታውም ይጨምራል) የሚሰጠው ብዥታ፣ ፉል ፍሬም በኤፍ 2.2 አካባቢ ከሚሰጠው ጋር ይስተካከላል፤ ለፉል ፍሬም ደግሞ የኤፍ 1.4 ሌንሶች ሞልተዋል።

ለስፖርትና ለዜና ሥራ ሚዲየም ፎርማት ካሜራ አልመርጥም፤ ትልቅ ሴንሰር መረጃውን አንብቦ ለመጨረስ ጊዜ ይፈጅበታልና። በስቱዲዮ ውስጥ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ በተለይ መዝጊያቸው (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው ክፍል) በሌንሱ ውስጥ የሆነ የሃሰልብላድ ኤክስ ሚዲየም ፎርማት ካሜራዎች በፈጣን የመዝጊያ ፍጥነትም ከፍላሽ ጋር ስለሚናበቡ፣ ሥዕል ለመቅዳትም ሆነ በግድግዳ ልክ የሚታተም የፊት ምስል ለማንሳት ቀድሜ የምመኘው እነሱን ነው።