የፋሲካ ተረኛ ማን ነው?

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ሰላምታችን በተለይ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የጤና ተቋም ለምትመሩ ነው፤ ዶሮ ወጡ ቀርቦም አንድ ዓይናችሁ ስልኩ ላይ ነውና።

የአንድ ሆስፒታል አመራር ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ የበዓል ሰሞን የተረኛ ፕሮግራሙን ማየት ይበቃል። ወሎ ላይ ልማዱ ይታወቃል፦ በፋሲካ ሙስሊሙ ይገባል፣ በዒድ ክርስቲያኑ ይመልሳል። ደግ ልማድ ነው፤ ሒሳቡ ካልተሠራ ግን ይበላሻል። በ2014 ፋሲካ ሚያዝያ 16፣ ዒድ አል ፈጥር ሚያዝያ 24 ዋለ። ፋሲካን የሸፈነው ሙስሊም ባልደረባ ራሱ ጾመኛ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ሲገጥም የፈረቃ ርክክብ ከኢፍጣር ሰዓት ጋር አይጋጭ፤ ሌሊት ለሚበላው ሱሑርም 30 ደቂቃ ይተውለት።

የቅዳሜን ሌሊትና የእሑድን ጠዋት አንድ ላይ እያያችሁ መድቡ። ቅዳሴው የሚያልቀው ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ጠዋት 2 ሰዓት የሚገባ አስቀዳሽ እንቅልፍ ሳያይ መድኃኒት ይለካል። ዒድ ደግሞ በጨረቃ ነው፤ ረመዳን 29 ይሁን 30 የሚለየው በዋዜማው ምሽት ነው። ስለዚህ «ሀ» እና «ለ» የሚባሉ ሁለት ፕሮግራሞች ቀድመው ይውጡ። እኛ ፈጠራ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

ረቂቁን ክፍሎቹ ራሳቸው ያውጡት። ከእናንተ የሚጠበቀው ወሰኑ ነው፦ በየፈረቃው ቢያንስ አንድ ልምድ ያለው ሰው ይኑር፣ ማንም ከሁለት ሌሊት በላይ አከታትሎ አይግባ፣ ኮምቦልቻ የሚያድር የደሴ ሠራተኛ መኪና ሳይጠፋ ይውጣ። ፕሮግራሙ ከ15 ቀን በፊት ይለጠፍ፤ 3 ቀን ለቅያሬ ክፍት ይሁን። በቃል የተደረገ ቅያሬ አይያዝ፤ በዕለቱ ሁለቱም «ተራው የእሱ ነው» ብለው ይቀራሉ። ሐኪምና ነርስ ተሟልቶ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ጽዳትና ጄኔሬተር የሚያስነሳው ሰው ሲረሱም የተለመደ ነው።

ተመራማሪዎቹ ግሪንሃውስና ቢውቴል በ1985 እ.ኤ.አ. የሥራና የቤተሰብን ግጭት የጊዜ፣ የውጥረትና የባሕርይ ብለው ከፍለውታል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የስብሰባው አነጋገር ቤት ይገባና ልጅ ሪፖርት እንዲያቀርብ ይጠየቃል! ለጊዜ ግጭት ግን መላ አለ፦ ተረኛ አመራር አንድ፣ ስልኩም አንድ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዘንድ የሚደወለው ብዙ ሰው የተጎዳበት አደጋ ሲደርስ፣ ኦክስጅን ወይም መብራት ሲቋረጥ፣ ወላድ እናት ስትሞት ብቻ። ሁሉንም ጥሪ እሱ ካነሳ ተረኛው ለስም ይቀራል፤ በሚቀጥለው በዓልም ደፍሮ የሚወስን አይገኝም።

የአመራር ተመራማሪው በርናርድ ባስም በዚያው ዓመት ባሳተመው ሥራው፣ ሰውን የሚያነሣሣ አመራር በ«ሥራ፣ ይከፈልሃል» ስምምነት ላይ የሚደረብ እንጂ እሱን የሚተካ እንዳልሆነ ጽፏል። የዲዩቲ ክፍያ ሳይከፈል ስለ ራእይ መናገር ትርፉ ማኩረፍ ነው።

ዛሬ ለገባችሁ ሙስሊም ባልደረቦች ምስጋናችን ትልቅ ነው። ድፎው በመንገድ ላይ ነው፤ የመጪው ዒድ ጠዋትም በክርስቲያኖቹ ስም ተይዟል።