ሰባት ይቀነስ ወይስ ስምንት?

ነሐሴ ላይ ደሴ ዝናብ ከጀመረ በኛ የልጆች ክበብ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሰውን አይሰማም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ጠያቂ የሚሆን ሰው ጉሮሮ ሊኖረው ይገባል። እኔ አለኝ። የክበቡ ጥያቄና መልስ በየክረምቱ በኔ ላይ የሚወድቀውም በሌላ ሳይሆን በዚህ ይመስለኛል።

ክበባችን ብዙ ነገር የለውም። አዳራሹ፣ መረቡ ሁለት ጊዜ የተሰፋ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ አራት የዳማ ሰሌዳ፣ አንድ ቁም ሳጥን መጽሐፍ። ይኸው ነው። የዳማው ጠጠር ቆርኪ ነው። አንዱ ልጅ በፊቱ፣ ሌላው ገልብጦ በጀርባው ይደረድረዋል። ትምህርት ሲኖር ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እንከፍታለን። ክረምት ሲገባ ግን ልጆቹ በየቀኑ ይመጣሉ። ጠዋት ለእረፍት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማጠናከሪያ ያስተምሯቸዋል። ከሰዓት ጨዋታ ነው። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ከቢሮ ስወጣና ቅዳሜ ነው የምደርሰው። የሂሳብ ሠራተኛ መሆኔን ያዙልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

ከጨዋታው ሁሉ ዳማ እወዳለሁ። ዳኛ አይፈልግም። አንዱ በላ፣ ሌላው ተበላ፣ አለቀ። ገበጣ እንኳ እንዲህ አይደለም። አምና ገበጣ ላስጀምር ብዬ ነበር። አንዱ ልጅ ጉድጓዱ ሁለት ረድፍ ነው አለ። አንዷ ደግሞ አያቴ ቤት በሦስት ረድፍ ነው የምንጫወተው አለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አጨዋወቱ እንደየአገሩ ነው። ግን ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብሎ ውድድር ማካሄድ አይቻልም። ሲከራከሩ ክረምቱ አለቀ። ገመድ ጉተታም ሞክረናል። ግቢው ጭቃ ነው። እናቶች መጥተው ይሄን ልብስ ማን ሊያጥበው ነው ሲሉን ወደ ጆንያ ዝላይ ዞርን። ጆንያውም ያው ጭቃ ላይ ነው የሚዘለለው፤ ግን ቢያንስ ከወገብ በታች ጆንያው ይችለዋል።

ልጆቹ የሚሞቱለት ግን ጥያቄና መልስን ነው። ቡድኖቹን በወንዝ ስም ጠራናቸው፤ አባይ፣ ተከዜ፣ አዋሽ፣ ቦርከና። በየቡድኑ አራት አራት ልጅ፣ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል። ቦርከና የኛው ወንዝ ነው፤ ግን ማንም ልጅ ቦርከና መሆን አልፈለገም። በዕጣ ነው የደረሳቸው። አዋሾች ይህን ሲያዩ «እናንተ እኮ መጨረሻችሁ እኛ ውስጥ መግባት ነው» እያሉ ያበሽቋቸው ጀመር። በጂኦግራፊ ልክ ናቸው፤ ምን ይባላል?

ደወል የለንም። እያንዳንዱ ቡድን የብረት ሳህንና ማንኪያ ይዞ ይመጣል። ቦርከናዎች የድስት ክዳን ነው ያመጡት። ድምፁ ከዝናቡም በላይ ስለሚሰማ አዋሾች ይከልከልልን ብለው ነበር። ሕጉ ቀላል ነው። ተራህ ላይ ከመለስክ ሁለት ነጥብ። ካልመለስክ ጥያቄው ይዞራል፤ ተቃራኒው ቡድን ከመለሰው አንድ ነጥብ ይወስዳል። ሳህኑ የሚመታው በመጨረሻው የፍጥነት ዙር ብቻ ነው፤ ማለት እንዲህ ነበር የታሰበው። ክዳኑ ግን ገና ከመጀመሪያው ዙር ነው የተመታው። ሽልማቱ አንድ ደርዘን ደብተር፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ሦስት ይደርሳል። መስከረም በር ላይ ስለሆነ ሦስት ደብተር ቀላል ነገር አይደለም።

የ2017 ፍጻሜ ነሐሴ 24 ቀን፣ ቅዳሜ ነበር። አዋሽና ቦርከና። አዳራሹ ሞልቶ ልጆች መስኮት ላይ ተንጠልጥለዋል። ጥያቄዎቹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ አርብ ማታ፣ ከስልኬ ላይ እያነበብኩ፣ አንድ ዓይኔ በእንቅልፍ ተይዞ። ስለ አክሱም ሐውልት አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ከሮም ወደ አገሩ የተመለሰው መቼ ነው የሚል። በፈረንጅ ኤፕሪል 2005 ነው። ስምንት ስቀንስ 1997 መጣ፤ ልክ ነው። አዋሾች መለሱት። ቀጣዩ ጥያቄ የቦርከና ነበር።

«አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን ወርቅ ያገኘው በኛ አቆጣጠር በስንት ዓመተ ምህረት ነው?»

የቦርከናዋ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። እናቷ ጉሊት ስለምትሸጥ ቅዳሜ እሷን አግዛ ነው የምትመጣው፤ ጫማዋ ሁልጊዜ ሰኞ ገበያ የሚባለውን ሰፈር ጭቃ ይዞ ይገባል። ቀስ ብላ፣ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እየቆጠረች፣ «1952» አለች።

ወረቀቴን አየሁ። 1953 ይላል።

«አልተመለሰም! ይዞራል!»

የአዋሹ ልጅ ዘሎ ተነሳ። «1953!»

«ትክክል!» አልኩ። እንዴት እንደጮህኩ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

አዋሽ 21፣ ቦርከና 20። ደብተሩ ተሰጠ፣ ጭብጨባ ሆነ፣ ፎቶ ተነሳን። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ አልተከራከረችምም። ክዳኗን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች።

ሰኞ ከቢሮ ስመጣ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«መስከረም 1 በፈረንጅ ስንት ቀን ነው?»

«ሴፕቴምበር 11 ነው። አንዳንዴ 12።»

«በዚያ ዓመትስ?»

«11።»

«አበበ የሮጠውስ?»

ስልኬን አወጣሁ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960። አየሁት፤ ደግሜ አየሁት። ልጅቷ ዝም ብላ ትጠብቀኛለች። የምጠጋበት ጥግ አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዲሴምበር እስኪያልቅ በኛና በነሱ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው። ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ ደግሞ ስምንት። ይህን አራተኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። በሥራዬም በየቀኑ ሳመሳክረው የምውል ነገር ነው። አርብ ማታ «ሴፕቴምበር» የሚለውን ሳይ ግን እጄ ሰባት ቀነሰ። ሴፕቴምበር የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ለኛ አሮጌ ዓመት እንደሚሰጥ ረሳሁት። አበበ የሮጠው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፤ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ። እዚህ አገር ዶሮ ሲበለትና ቄጠማ ሲገዛ እሱ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ነበር። በአንድ ቀን ተሳሳትኩ፤ አንዱ ቀን ዓመት ይዞ ሄደ።

«ቅዳሜ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እርስዎ ትክክል ሲሉ እኔ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነው። ቤት ሄጄ ነው የቆጠርኩት።»

ይቺ ከሁሉ በላይ ወጋችኝ። ክዳን ደብድባ፣ ጮሃ ብትከራከረኝ ይቀለኝ ነበር።

ማታውን ከሌሎቹ አስተባባሪዎች ጋር ተነጋገርን። አንዱ ይለፍ አለ፤ የልጆች ጨዋታ ነው፣ ደብተሩም ስም ተጽፎበታል። አንዷ የፍጻሜውን እንድገመው አለች። እኔ መድገሙን አልወደድኩትም። የመለሰ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው ሁለተኛ የሚጠየቀው? ነጥቡን አስተካክለን፣ ፊት ለፊት እንናገር አልኩ። አዋሽ ያላግባብ የወሰደው አንድ ነጥብ ይወርዳል፤ 20። ቦርከና የተነፈገው ሁለት ይጨመራል፤ 22። ደብተሩን ከአዋሾች መንጠቅ ግን ነውር ነው፤ እነሱ ያጠፉት ነገር የለም። ፒያሳ ወርጄ ሌላ ደርዘን በኪሴ ገዛሁ። ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ «አንድ ቀን መሳሳት ይሄን ያህል ያስከፍላል?» አለች።

ጳጉሜ 1 ቅዳሜ ዋለ። አዳራሹ እንደ ፍጻሜው ዕለት ባይሞላም ስምንቱም ልጆች መጥተዋል። ተነስቼ ተናገርኩ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ጽፌ የቱ ጋ እንደሳትኩ አሳየሁ። ከአዋሾች አንዱ ወዲያው እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ አላጭበረበርንም። ትክክል ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ልክ ነህ» አልኩ።

«1953» ብሎ የመለሰው ልጅ አንገቱን ደፍቶ «እኔም ሰባት ነው የቀነስኩት» አለ። ከኔ ጋር አንድ ዓይነት ስህተት ሠርቶ አንድ ነጥብ የተሸለመ ልጅ ነው። አዘንኩለት፤ ትንሽም ሳቄ መጣ።

ልጅቷን ወደ ሰሌዳው ጠራኋት። ዕለቱን እንድትነግረን። ሳምንቱን ሙሉ ስታነብ ከርማለች። የጨረሰበትን ሰዓት አልረሳችውም፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሩጫው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን እንደተጠናቀቀ ነገረችን። አበበ ተፎካካሪውን ጥሎ የወጣውም አክሱም ሐውልት ቆሞበት በነበረው አደባባይ አካባቢ መሆኑን ስትናገር አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ትንሽ ልጅ መስኮቱ ላይ ሆኖ «ሐውልቱ እዚያ ምን ይሠራል?» አለ። ጣሊያን ወስዶት ነበር አልነው። «ታዲያ ለምን ይዞት አልመጣም?» አለ። እሱን ገና አልመለስንለትም።

ደብተሩን ሰጠኋት። ከጓደኞቿ ጋር ተካፈሉ። እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የግቢው ጥበቃ ግን ከኋላ በር ተደግፈው ሲሰሙ ቆይተዋል። እኛ አባባ ነው የምንላቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው።

«በማታ ነው የጨረሰው አላችሁ?» አሉ።

«አዎ አባባ፣ በችቦ» አለች ልጅቷ።

«እንግዲያው ጀምበር ከጠለቀች ሌሊቱ የነገ ነው። እንቁጣጣሽ ገብቷል። 53 ነው።»

አዋሾች ሳህናቸውን መደብደብ ጀመሩ። የኔን ፊት ያየ የለም፤ ሁሉም ያያት ልጅቷን ነው። ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ትንሽ አሰበች።

«አባባ፣ ሲነሳ ፀሐይ ነበረች እኮ። በ52 ተነስቶ በ53 ገባ ማለት ነው? ሁለት ሰዓት ነው ወይስ አንድ ዓመት ነው የፈጀበት?»

አባባ ከት ብለው ሳቁ። «በሉ፣ እሷን ስጧት» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ በራቸው ተመለሱ።

ለሚቀጥለው ክረምት ጥያቄዎቹን ቀድማ እንድታይልኝ ለመንኳት። እምቢ አለች። ጥያቄውን ካየች መወዳደር አትችልማ።