ለካንየን ጫማ ስመርጥ መጀመሪያ ሶሉን ነው የማየው

ካንየን መውረድ (ውሃ በሚፈስበት ጠባብና ገደላማ ሸለቆ ውስጥ በእግርና በገመድ ወደ ታች መሄድ) የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ውሃ የማያስገባ ጫማ የቱ ነው?» ብሎ ነው። እሱን እርሱት እላለሁ። በገመድ ወርዳችሁ ደረት የሚደርስ ውሃ ውስጥ ስትገቡ ውሃው የሚገባው ከላይ፣ በጫማው አፍ በኩል ነው። ጎርቴክስ (ውሃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን) ያለው ጫማ የገባውን ውሃ ይዞ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ውሃ ተሸክሞ መሄድ ነው። ይልቅ የገባው ውሃ ቶሎ መውጣት መቻሉን እዩ።

እኔ ግን ከዚያም በፊት ጫማውን ገልብጬ ሶሉን ነው የማየው። ጎማውን በአውራ ጣቴ ጥፍር ጫን አደርገዋለሁ። ትንሽ ሰመጥ ካለ ደስ ይለኛል። እንደ ፕላስቲክ ድርቅ ካለ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ውሃ ለዘመናት ሲያልሰው የኖረ ልሙጥ ድንጋይ ላይ የሚይዘው ለስላሳ ጎማ ነው። ስቴልዝ የሚባለው የፋይቭ ቴን ኩባንያ ጎማና አይድሮግሪፕ የሚባለው የቪብራም ኩባንያ ጎማ ስማቸው የሚነሳው በዚህ ነው። እርግጥ ለስላሳ ጎማ ቶሎ ያልቃል። ይለቅ! ገደል መሃል እግሬ ወለም ከሚለኝ ጫማዬ ቢያልቅ ይሻለኛል። የሶሉ ጥርስም በጣም ጥልቅ ባይሆን እመርጣለሁ። ጥልቅ ጥርስ ለጭቃ ጥሩ ነው፤ ልሙጥ ድንጋይ ላይ ግን ድንጋዩን የሚነካው ጎማ ያንሳል።

የፌልት (ተጠቅጥቆ የተሠራ ወፍራም ጨርቅ) ሶልም አለ፣ ዓሣ አጥማጆች የሚወዱት። አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል፣ ድንጋይ የሚያንሸራትት ተክል መሰል ነገር) የለበሰ ድንጋይ ላይ አያያዙ ግሩም ነው፣ አይካድም። እኔ ግን አልገዛውም። ፌልት ውሃ ይመጥጣል፣ ቶሎም አይደርቅም። በዓይን የማይታይ አልጌ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ይዞ ይሄዳል። ኒውዚላንድ ውስጥ ዲዲሞ የሚባለው አልጌ በ2004 ተገኘ። ወንዞችን እያለበሰ ሲስፋፋ አገሪቱ በ2008 ዓሣ አጥማጆች የፌልት ሶል እንዳይጠቀሙ ከለከለች። የምንወርድባቸው ወንዞች ንጹሕ ሆነው የቆዩት ማንም ስላልነካቸው ነው። እኛ ልናበላሻቸው አይገባም። የጎማ ሶል ያለው ሰውም ቢሆን ወደ ሌላ ወንዝ ከመሄዱ በፊት ጫማውን በብሩሽ አጥቦ በደንብ ያድርቀው።

ውሃ ማውጫ ቀዳዳዎቹ ከጎን፣ ወደ ሶሉ ዝቅ ያሉ ቢሆኑ ጥሩ ነው። ሰፋፊ ከሆኑ ግን አሸዋ ያስገባሉ፤ እርጥብ አሸዋ ደግሞ ተረከዝ ይልጣል። አዲስ ጫማ ሳገኝ ባልዲ ውስጥ ነክሬ አውጥቼ ከፍ አድርጌ እይዘዋለሁ። ውሃው ሲወርድ አያለሁ። ተረከዙ ጋ ከተጠራቀመ አልወደውም።

ቁጥሩን ስትለኩ የኒዮፕሪን (የዋና ልብስ የሚሠራበት፣ ሙቀት የሚይዝ ስፖንጅ መሰል ጎማ) ካልሲያችሁን አድርጋችሁ ይሁን። ውሃ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ካንየን ውስጥ ያለ ካልሲ አይሆንም። ባለ 3 ሚሊሜትሩ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከለመዳችሁት ቁጥር ከፍ ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ ተዳፋት ነገር ላይ ቁልቁል ቁሙ። ጣቶቻችሁ ጫፉን ከነኩ ጠቧችኋል። በጣም ከሰፋም ጭቃ ስቦ ያወልቀዋል።

ለመዋኛ ገንዳ የሚሆኑትን ስስ የጨርቅ ጫማዎች ተዉአቸው። ጣት የሚከላከል ነገር የላቸውም። ሰንደልም ለዚህ አይሆንም። ማሰሪያው ክር ቢሆን እመርጣለሁ፤ ተጣባቂው ዓይነት አሸዋ ሲሞላው መያዝ ያቆማል። ቋጠሮውን ሁለቴ አስራችሁ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጉጡት። ውሃ ውስጥ ስንጥቅ ወይም ቅርንጫፍ ከያዘው አደገኛ ነው።

ማድረቁ ላይ ሰው ይሰንፋል። ጠራራ ፀሐይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ማስቲሹ ይለቃል። አንድ አብሮን የወረደ ልጅ ሶሉ መሃል መንገድ ላይ ተገንጥሎበት በገመድ ቁራጭ አስረንለት ነው የወጣነው። ከዚያ ወዲህ ከጉዞ በፊት ማታ የሶሉን ዙሪያ በጣቴ እየገፋሁ እፈትሻለሁ። ጫፉ ላይ ትንሽ እንኳ ከፈት ካለ ሌላ ጫማ ይዤ እሄዳለሁ።