ጦሳን ወጥቼ መጣሁ፣ ቦርጬ ግን አለ

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጦሳ ተራራን ወጣሁ። ቦርጭ ለማጥፋት ነው እንግዲህ። ደሴ ራሷ ከባህር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ግማሽ ሳልደርስ ትንፋሼ ቁርጥ አለ፤ ጭራሮ የተሸከሙ እናት "አይዞህ ልጄ" ብለውኝ አለፉ (ወይ ውርደት!)።

ስመለስ አክስቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር። አንዱ የሻይ ማንኪያ 16 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ስድስቱን ደምሩት። እሱስ ይሁን፣ ወላሂ የጨረሰኝ ወጡ ላይ የሚገለበጠው ዘይት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያው ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ስኳሩን ከነገ ጀምሮ እቀንሳለሁ። ዘይቱንም እለምናታለሁ። "በሞቴ፣ ከሳህብኝ እኮ" ብላ የምታጎርሰኝን ግን እንዴት እምቢ ልበላት?