ገላጋይ የሌለበት ጠብ

«አክተር አይሞትም» ይባል የለ? የሱፐርሂሮ ፊልም እያየሁ ይቺ ነገር ትዝ ካለችኝ አለቀ፣ ድብድቡ ይደብረኛል። «ማን ኦፍ ስቲል» (2013፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ላይ ሱፐርማንና ጠላቱ ዞድ ሕንፃ እየደረመሱ ከተማውን ሲያፈርሱት እኔ ስልኬን እየነካካሁ ነበር። ሁለቱም አይደሙ፣ አይደክሙ። ታዲያ ለማን ልስጋ?

እኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጠብ ሲነሳ ሁለተኛው ቡጢ ሳይሰነዘር ግቢው በሰው ይሞላል። አንዱ ወገብ ይይዛል፣ አንዷ እናት «በማርያም!» እያለች መሀል ትገባለች። «ልቀቁኝ!» እያለ የሚፎክረውም ማንም እንደማይለቀው ስለሚያውቅ ነው። ፊልም ላይ ልቤን የሚሰቅለው እንግዲህ ያ ገላጋይ ሲጠፋ ነው።

«ዊንተር ሶልጀር» (2014) ላይ ያለውን የሊፍት ድብድብ እዩት። ካፒቴን አሜሪካ ገባ፣ ሊፍቱ በየፎቁ እየቆመ ሰው ይጨምራል፣ አንዱን ላብ አጥምቆታል፣ የሌላው እጅ ከመሣሪያው አይርቅም፣ ገና ማንም ማንንም ሳይነካ ትንፋሼን ይዣለሁ። መውረድ የሚፈልግ ካለ ብሎ ጠየቃቸው! ከዛ ተያያዙት። ቦታው ጠባብ ነው፣ መሸሻ የለም፣ ጭራሽ እጁን በማግኔት ካቴና ግድግዳ ላይ ሊያጣብቁት ይታገላሉ።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን የ«ብላክ ፓንተር» (2018) የፏፏቴው ድብድብ ነው። ንጉሡ ቲቻላ (ብላክ ፓንተር ማለት እሱ ነው) ዙፋኑን ሊነጥቀው ከመጣው ከኪልሞንገር ጋር ከመግጠሙ በፊት ኃይሉን የሚያጠፋ መጠጥ ያጠጡታል። ልብሱም የለ፣ ጉልበቱም የለ፣ እንደኛው ተራ ሰው ሆኖ ቀረ። እናቱና እህቱ ቆመው ያያሉ፣ ሥርዓቱ ስለሆነ መግባት አይችሉም። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ዙሪ አላስችል ብሎት መሀል ገባ። ኪልሞንገር ገላጋዩን ገደለው! ሽማግሌ ተነክቶማ ማን ዝም ይላል፣ ፊልሙን የምናይበት ቤት በጩኸት ተናጋ። አክተር አይሞትም የሚባለውን ነገር እዛው ረሳሁት።

«ሲቪል ዋር» (2016) ላይ ጀግኖቹ ለሁለት ተከፍለው አየር ማረፊያው ውስጥ ስድስት ለስድስት ሲገጥሙ ያዝናናል፣ ግን ጨዋታ ይመስላል። የመጨረሻው ድብድብ ሌላ ነው። ቶኒ ስታርክ (አይረን ማን) ወላጆቹ ሲገደሉ የሚያሳይ ቪዲዮ አየ፣ ገዳዩ ባኪ፣ የካፒቴን አሜሪካ የድሮ ጓደኛ፣ አጠገቡ ቆሟል፣ ካፒቴን አሜሪካ ደግሞ ነገሩን ያውቅ ነበር። መገላገል የነበረበት ሰው ወገነ ማለት ነው። እያንዳንዷ ቡጢ ታማለች።

በነገራችን ላይ ካሜራው በየሰከንዱ እየተቆራረጠ ማን ማንን እንደመታ ካልለየሁ ይሄ ሁሉ ታሪክ አያድነውም።

«ዘ ዳርክ ናይት ራይዝስ» (2012) ላይ ባትማን ከጠላቱ ከቤን ጋር መጀመሪያ ሲገጥም ሙዚቃ የለም፣ የውሃውና የቡጢው ድምፅ፣ የቤንም ንግግር ብቻ። ወጥመዱ ውስጥ ያስገባችው ሌባዋ ሰሊና ከፍርግርጉ ጀርባ ሆና ወገቡ እስኪሰበር ታያለች። ያላየ ካለ ኦሪጅናሉን ይየው። በትርጉም ካየው ተርጓሚው ላዩ ላይ ሲያወራበት ያ ሁሉ ዝምታ ገደል ይገባል።