«ዛሬ ሂሳቡ በኔ ነው!» የተባለበት ማታ

የምሰራው አንድ የአካባቢ ስፖርት ክለብ ውስጥ ነው፣ ትልቅ ክለብ እንዳይመስላችሁ፣ ተጫዋቾቹ ቀን ሌላ ሥራ የሚሰሩ፣ አሰልጣኙም በትርፍ ሰዓቱ የሚያሰለጥን፣ ግማሹ ነገር በበጎ ፈቃደኛ የሚሄድ አይነት ነው። እኔ ግቢውን፣ የሜዳ ፕሮግራሙንና ባሩን ነው የማስተዳድረው። እንዲህ አይነት ቦታ የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ ክለቡን የሚያኖረው ባሩ ነው። የማሊያው፣ የዳኛው፣ የመብራቱ ሁሉ የሚከፈለው ከቢራ ትርፍ ስለሆነ ስለ መጠጥ አንስተህ ስታወራ ክለቡን የጠላህ ነው የሚመስለው።

«በኃላፊነት ይጠጡ» የሚል ፖስተር ግድግዳው ላይ ነበረን፣ ከስሩ የቢራ ስፖንሰሩ አርማ አለ። እሱን አንብቦ ብርጭቆውን ያስቀመጠ ሰው እስከዛሬ አላየሁም።

እና አንድ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አሸነፍን። ጨዋታው ተጨማሪ ሰዓት ድረስ ሄዶ ልጆቹ አልቀው ነው የወጡት፣ ላብ በላብ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሱም አሉ፣ ኩሽናው ደሞ ቀድሞ ተዘግቷል። ከቦርድ አባላቱ አንዱ ደስታው አናቱ ላይ ወጥቶ ባንኮኒውን እየደበደበ «ዛሬ ሂሳቡ በኔ ነው፣ ማንም እንዳይከፍል!» አለ። በቃ፣ ከዛ በኋላ ማን ስንት እንደጠጣ የሚያውቅ የለም፣ ሰው የጠጣውን የሚቆጥረው ከኪሱ ሲወጣ ነው። ባዶ ሆድ፣ ጥም፣ ነፃ መጠጥ፣ ሶስቱ አንድ ላይ ገጠሙ ማለት ነው። ባዶ ሆድ ላይ አልኮል ቶሎ ነው ደም ውስጥ የሚገባው፣ የተጠማ ሰው ደሞ ቢራውን እንደ ውሃ ነው የሚያወርደው።

ባሩ ላይ የነበረችው ገና አዲስ ልጅ ናት። ነባሮቹ ተጫዋቾች «መግቢያ» የሚሉት ነገር አለ፣ አዲስ የፈረመ ልጅ ዙሪያውን ከበውት እያጨበጨቡ ሾት (በትንሽ ብርጭቆ የሚቀዳ ጠንካራ መጠጥ) ያስጨርሱታል። የዛን ቀን ተረኛው አንድ ቀጭን የክንፍ ተጫዋች ነበር። ልጅቷ እያየችው ነው፣ ባንኮኒውን ይዞ ነው የቆመው፣ አንዱን ነገር ሶስት ጊዜ ይጠይቃታል፣ ብርጭቆ ሲያነሳ ግማሹ እጁ ላይ ይፈሳል። «ወንድሜ ውሃ ልስጥህ» አለችው። ይሄኔ የቦርድ አባሉ ከኋላ ሰምቶ «አንቺ ልጅ፣ እንግዳዬን ምን ትከለክይዋለሽ፣ ቅጂለት እንጂ!» «ጋሼ በቅቶታል እኮ» «የምከፍለው እኔ አይደለሁም እንዴ?» ምን ታርግ፣ ቀዳችለት። ደሞዟን የሚያፀድቀው እሱ ያለበት ቦርድ ነው።

ቆይቶ የቡድኑ ወጌሻ ቦርሳውን ሊያመጣ መልበሻ ክፍል ሲገባ ልጁን በሁለቱ አግዳሚ ወንበሮች መሀል በጀርባው ተንጋሎ አገኘው፣ አስመልሶት ትውከቱ አፉ ውስጥ ነው። ሲጮህ ተንጋግተን ገባን። ወጌሻው አፉን አፅድቶ በጎኑ አዞረው፣ የላይኛውን ጉልበቱን አጥፎ፣ የእጁን መዳፍ ጉንጩ ስር አድርጎ፣ ከዛ ጆሮውን አፍንጫው አጠገብ ደቅኖ ትንፋሹን ማዳመጥ ጀመረ። እኛ ደሞ የምንለው ጉድ ነው፣ አንዱ ባልዲ ውሃ ይዞ መጥቷል፣ አንዱ ቡና ይላል፣ አብዛኛው ግን «ተዉት ይተኛ፣ ያልፍለታል» ባይ ነው። ወጌሻው ሳያየን «ማንም እንዳይነካው፣ አምቡላንስ ጥሩ» አለ። ቆዳው ቀዝቅዟል፣ ሲጠሩት አይነቃም፣ ትንፋሹ ይዘገያል፣ ለሱ ይሄ በቂ ነበር።

በኋላ እንዳስረዳን ጉበት በግምት በሰዓት አንድ መጠጥ ያህል ነው የሚያስወግደው፣ ቀዝቃዛ ውሃም ሆነ ቡና አያፈጥነውም። ሆድ ውስጥ የቀረው ደሞ መጠጡን ካቆመ በኋላም ወደ ደም መግባቱን ስለሚቀጥል «ተኝቷል» የተባለው ልጅ ገና እየባሰበት ሊሆን ይችላል። ልጁ ሆስፒታል አድሮ በማግስቱ ወጣ፣ እግዜር ይመስገን።

የባሰው ስብሰባው ላይ መጣ። አጀንዳው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ባርማኗን ማስጠንቀቂያ መስጠትና ልጁን መቅጣት! ለሰከረ ሰው ቀዳሽ ተባለች። ጋባዡ እዛው ቁጭ ብሎ ውሃውን ይጠጣል። እኔ ተነስቼ ልጅቷ ከልክላ እንደነበር፣ ማን እንዳስቀዳትም፣ በስም ተናገርኩ፣ ቤቱ ዝም አለ። እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው፣ የክለቡን ደንብ ማስከበሩን ቤቱ ውስጥ ከሁሉ ትንሽ ስልጣን ያላት ልጅ ላይ ጥለህ ከሄድክ ደንብ የለህም።

ከዛ አሰልጣኙ አንድ ነገር አመጣ። አውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ 88 የአካባቢ የፉትቦል ክለቦች ላይ ጥናት ተሰርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል፣ ግማሽ ያህሉ ክለቦች የመጠጥ አሸጣጣቸውን እንዲያስተካክሉ ታገዙ፣ ሌሎቹ እንደነበሩ ቀጠሉ። መጨረሻ ላይ ክለቡ ውስጥ ከልክ በላይ የሚጠጡት በታገዙት 19 ፐርሰንት፣ ባልታገዙት 24 ፐርሰንት ሆኑ። ገንዘብ ያዣችን ወዲያው «ለ5 ፐርሰንት ነው ይሄ ሁሉ?» አለ። አሰልጣኙም «ከመቶ ልጅ አምስቱን ቁጠርና አንተ ንገረኝ የትኞቹ እንደሆኑ» አለው።

ብዙ ነገር አልቀየርንም እውነት ለመናገር። ግብዣ ክልክል አይደለም፣ ግን የሚጋበዘው ምግብ ነው፣ አንድ ሰው የሁሉንም መጠጥ የሚከፍልበት ክፍት ሂሳብ የሚባል ነገር ቀረ። ኩሽናው ከባሩ በፊት ይከፈታል፣ ውሃ በየጠረጴዛው በነፃ ይቀመጣል፣ አልኮል የሌለው ነገር ከቢራ በርካሽ ይሸጣል፣ በጨዋታ ቀን ሾት አይሸጥም። ለምርጥ ተጫዋች የሚሰጠው ውስኪም ቀረ (ይሄ ውስኪ ለአስራ ሰባት አመት ልጅ ጭምር የተሰጠበት ጊዜ ነበር፣ ማንም አልገረመውም)። ዋናው ግን በየሺፍቱ የማይጠጣ አንድ የኮሚቴ አባል ባሩ አጠገብ ይቆማል፣ ባርማኗ «በቃ» ካለች ሊቀመንበሩም አይሽረውም፣ ጭቅጭቅ ካለ ከኮሚቴ አባሉ ጋር ነው። ታክሲ የሚጠራውም እሱ ነው።

ተጫዋቾቹን ያሳመናቸው ግን ጉበት ምናምን አይደለም፣ በሃያ አመቱ ስለ ጉበቱ የሚያስብ የለም። አሰልጣኙ የነገራቸው በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ትንሽ ጥናት ነው፣ ከከባድ ልምምድ በኋላ ብዙ አልኮል የወሰዱ ሰዎች ፕሮቲን እየወሰዱም ጡንቻቸው ራሱን የሚገነባበት ሂደት በ24 ፐርሰንት ቀንሷል። «ልምምድህን ጠጥተህ ትሸናዋለህ፣ ቅዳሜ ደሞ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ» ሲላቸው ሳቁ፣ ግን ገባቸው። «መግቢያ»ው አሁን መዝፈን ሆኗል፣ እመኑኝ አንዳንዶቹ ሾቱን ይመርጡ ነበር።

ጋባዡ ጋሼ አኩርፎ ለጊዜው ጠፍቶ ነበር፣ ተመልሷል፣ አሁን ምግብ ነው የሚጋብዘው። አሁን የቀረን ጭቅጭቅ ስፖንሰሩ ነው። ውሉ ብዙ በሸጥን ቁጥር ብዙ ነፃ ሳጥን ቢራ ይሰጠናል፣ ማለትም በአንድ እጅ የምንቀንሰውን በሌላው እንድንጨምር ይከፈለናል። ገንዘብ ያዡ «ሌላ ስፖንሰር አምጡና እንነጋገር» ብሏል፣ ሁለት ቦታ ደብዳቤ አስገብተን መልስ እየጠበቅን ነው።